ናጋርጁናኮንዳ ለምትሄደው ልጄ

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር ናጋርጁናኮንዳ ደርሰህ ልትመለስ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ሕንድ፣ ሃይደራባድ ለትምህርት የመጣ ኢትዮጵያዊ ልጅ ሁሉ ቻርሚናርን ያያል፣ ጎልኮንዳ ምሽግ ላይ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ወዲያ ዲግሪውን ይዞ አገሩ ይገባል። አንተ ከዚያ አልፈህ መሄድ ፈለግህ። ልብህ ቅን ነው፤ ቸልተኛ መሆንህንም ግን አውቃለሁ። የጫማህን ማሰሪያ ሳታስር የምትወጣ ልጅ ነህ። እኔም በዚያው ከተማ ተምሬ፣ ቆይቼም አስተምሬ፣ ወደዚያ ሸለቆ ብዙ ስለተመላለስኩ የሚጠቅምህን በቁጥር በቁጥር አድርጌ ጽፌልሃለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

1. ሳታነብ አትሂድ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶቻችን፤ ያላወቁለት ድንጋይም ዝም ይላል። እዚያ ስትደርስ የምታየው ከጉልበት ብዙም የማያልፍ የጡብ ግንብ፣ የተሰባበረ ምሰሶ፣ ክብ መሠረት ነው። ታሪኩን ያላወቀ ሰው «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ ይህን ያዝ። በክሪሽና ወንዝ ዳር፣ ሦስት ጎኑ በናላማላ ኮረብቶች የታጠረ፣ አራተኛው በወንዙ የተዘጋ ሸለቆ ነበር። በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ማለትም የእኛ አክሱም ጉልበቷ እየበረታ በነበረበት ጊዜ፣ የኢክሽቫኩ ነገሥታት ዋና ከተማቸውን ቪጃያፑሪን እዚያ ሠሩ። ገዳማት፣ ስቱፓዎች (የቡድሃ ምእመናን ዞረው የሚሳለሟቸው ክብ ሕንፃዎች)፣ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች፣ የወንዝ ዳር ደረጃዎች፣ የትርኢት አደባባይ ሳይቀር ነበራት። ከዚያ ሥርወ መንግሥቱ ወደቀ፣ ከተማዋም በአፈርና በዱር ተሸፈነች። ፍርስራሹ እንደገና የታወቀው በ1926 ነው። ከ1927 እስከ 1931 ሎንግኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ ቆፈረ። ቆይቶ ደግሞ ወንዙን የመገደብ ሐሳብ መጣ፤ በ1955 የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ነህሩ የናጋርጁና ሳጋር ግድብን የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ሸለቆው እንደሚሰጥም ስለታወቀ ከ1954 እስከ 1960 ድረስ አር. ሱብራህማንያም የመሩት ቡድን ከውሃው ጋር እሽቅድምድም ገጥሞ ከ100 በላይ ቦታዎችን ቆፈረ። የድንጋይ ዘመን መሣሪያ ሳይቀር አወጡ። ከሕንፃዎቹ ዘጠኙ ተነቅለው በሸለቆው መሃል ባለው ኮረብታ አናት ላይ እንደገና ተተከሉ። ሌሎች በቅጂ ተሠሩ። አንዳንዶቹ ደግሞ በወንዙ ቀኝ ዳርቻ አኑፑ ወደሚባል ቦታ ሄዱ። የቀረው ሁሉ ውሃ ውስጥ ነው። ኮረብታውም ደሴት ሆነ። ይህን ለጓደኞችህ በአውቶቡስ ውስጥ ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው ማንም አይነግራቸውም።

2. ዓርብ አትሂድ፤ ሙዚየሙ ዝግ ነው። ሚያዝያና ግንቦትም አትሂድ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ደሴቱ ላይ ያለው ዛፍም ለሁላችሁ አይበቃም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ዝናቡ በጎ በሆነበት ዓመት ነሐሴና መስከረም ላይ የግድቡ 26 በሮች ሲከፈቱ ማየት የሚፈልግ ሕዝብ መንገዱን ያጨናንቀዋል። የውሃው መውረድ ያስደንቃል፤ አንተ ግን የምትሄደው ለሌላ ጉዳይ ስለሆነ ያን ሰሞን ለሌሎች ተውላቸው።

3. ለአንድ ቀን አንድ ጉዳይ ያዝ። ከሃይደራባድ እስከ ግድቡ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ማሃትማ ጋንዲ አውቶቡስ ጣቢያ ተገኙ። ጀልባው የሚነሳው በአንድራ ፕራዴሽ በኩል ካለችው ቪጃያፑሪ ሳውዝ ነው። ቴላንጋና በ2014 ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ ወዲህ የግድቡ አንድ ጫፍ በአንዱ ክልል፣ ሌላው ጫፍ በሌላው ክልል ስለሆነ፣ «ናጋርጁና ሳጋር ደረስን» ብላችሁ ብትወርዱ ገና ወንዙን መሻገር ይቀራችኋል። ይህን የማያውቁ ልጆች በተሳሳተው ዳርቻ ወርደው ግማሽ ቀን ሲያባክኑ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሁለተኛም፣ አንዱ ጓደኛህ «ኢቲፖታላ ፏፏቴም ቅርብ ነው፣ ቡድሃቫናምም እዚሁ ነው፣ ሁሉንም እንያቸው» ማለቱ አይቀርም። ፏፏቴው ያምራል። ቡድሃቫናም በ2022 የተከፈተ፣ በሰፊው መሬት ላይ የተሠራ አዲስ የቡድሃ መናፈሻ ነው፤ የራሱ ውበት አለው፤ የጥንቱ ፍርስራሽ ግን እሱ አይደለም። ደክሟችሁ በመጀመሪያ ያገኛችሁት እሱ ከሆነ «አየን» ብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ ጥንታዊው ሳይታይ ይቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደሴቱንና አኑፑን ብቻ ያዙ፤ ለእነሱም ቀኑ አይተርፍም።

4. ጓደኛ ምረጥ፣ አለቃም ሹሙ። ከስድስት ሰው በላይ አትሁኑ። ብዙ ከሆናችሁ ጉዞው የሠርግ ግርግር ይሆናል፤ ግማሹ ሲደርስ ግማሹ ሻይ ቤት ይቀራል። ከመካከላችሁ አንድ ቴሉጉ የሚናገር የአገሬው ልጅ ይኑር፤ የጀልባው ሰዓት መቀየሩን፣ የመጨረሻው አውቶቡስ መሄዱን በቴሉጉ እንጂ በእንግሊዝኛ የሚነግርህ የለም። ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ፤ ሰዓቱንም አንድ ሰው ይጠብቅ፤ ሁለቱ ግን አንድ ሰው አይሁኑ። የውጭ ዜጋ መግቢያው ላይ ከአገሬው ሰው የበለጠ ይከፍላል፤ በዚህ አትከራከር፤ ፓስፖርትህንና የመኖሪያ ፈቃድህን ይዘህ የሚጠየቀውን ክፈል። ሕንዳዊ ጓደኛህ «ይሄ እኮ ተማሪያችን ነው» እያለ ሲለምንልህ ቆመህ ማየት አይገባህም፤ ክብርህንም የእሱንም ጠብቅ።

5. ጀልባው ላይ የሕይወት አድን ጃኬቱን ልበስ። ሁላችሁም ልበሱ፤ ዋና የሚችለውም ይልበስ። በ2019 በአንድራ ፕራዴሽ በጎዳቫሪ ወንዝ ላይ የመዝናኛ ጀልባ ተገልብጦ ብዙ ሰው አልቋል። ጃኬቱ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ፎቶ ላይም አያምርም፤ እሱን ምክንያት አድርጎ የሚያወልቅ ጓደኛ ካለህ በወንድምነት ተቆጣው። ጫፍ ላይ አትቁሙ፣ በአንድ ወገን አትሰብሰቡ።

ይህን ካደረግህ በኋላ ደግሞ ዋናውን ነገር አድርግ፤ ውሃውን እይ። ከዳርቻው እስከ ደሴቱ የአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ ነው። ወጣቶች ያን ሰዓት በዘፈንና በስልክ ይጨርሱታል። ከበታቻችሁ ያለው ግን ቪጃያፑሪ ናት። መነኮሳት የሚበሉበት አዳራሽ፣ ንጉሥ የፈረስ መሥዋዕት ያቀረበበት ሜዳ፣ ነጋዴ የተመላለሰበት ጎዳና፣ በቅርቡም ገበሬዎች የለቀቋቸው መንደሮችና እርሻዎች፣ ሁሉም እዚያ ታች ነው። የተዛወረውን ለማየት የሚሄድ ሰው ያልተዛወረውን ማሰብ አለበት፤ አለዚያ የመጣበትን አያውቀውም። ደሴቱ ላይ ያሉት ድንጋዮች ከሸለቆው የወጡ ምስክሮች ናቸው፤ ምስክር ደግሞ ስለ ራሱ አይናገርም፣ ስላየው ነገር ነው የሚናገረው። እኔ ወደዚያ የወሰድኳቸውን ተማሪዎች ጀልባው ግማሽ መንገድ ሲደርስ ትንሽ ዝም እንዲሉ እጠይቃቸው ነበር። አንዳንዶቹ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ዓመታት አልፎ ሲጽፉልኝ ግን የሚያነሱት እሱን ነው።

6. የትኛው ዋናው፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ ጠይቅ። ይህን ጥያቄ ሳትጠይቅ ከደሴቱ እንዳትመለስ። ኮረብታው ላይ ከራሱ ከሸለቆው የወጣ ጡብና ድንጋይ አለ፣ ቅርጹን ለማሳየት በአዲስ የተሠራም አለ። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ለጥንቶቹም ለአዲሶቹም ሠሪዎች ፍትሕ አይደለም። ዘጠኙ ሕንፃዎች ሲነቀሉ የተመረጡት በብዙ ሐሳብ ነው። ቤቱ በእሳት ሲያያዝ ሰው መጀመሪያ ምን ይዞ እንደሚወጣ አስብ፤ ከ100 በላይ ከሆነው ውስጥ ጥቂቱን መምረጥ ያን ያህል ይከብዳል። አንድ ትልቅ ስቱፓ፣ ከሲሎን (ከዛሬዋ ስሪላንካ) ለመጡ መነኮሳት የተሠራ ገዳም፣ በአረንጓዴ ቀመስ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈ የወንዝ መታጠቢያ ደረጃ፣ ከቡድሂስቶቹም በፊት የነበሩ ሰዎች መቃብር ጭምር ወጡ። መቃብሩን ስታይ አታልፈው፤ ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን የሸለቆውን ዕድሜ ለማሳየት ነው ያመጡት።

አንተ ይህን ከሌላው ቱሪስት በተሻለ ልትረዳው ይገባል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ሮም ተወስዶ በ2005 በሦስት ተከፍሎ ተመለሰ፣ በ2008 ቆመ። ሲመለስ አገር ሁሉ ለምን እንዳለቀሰ ታውቃለህ፤ የሚቆምበት ቦታ ይጠብቀው ስለነበረ ነው። የናጋርጁናኮንዳ ድንጋዮች ቦታ አይጠብቃቸውም። ዓለም ሁሉ የሚያወራለት አቡ ሲምበል ከ1964 እስከ 1968 የተነሳው በእኛው በአባይ ውሃ እንዳይሰጥም ነው፤ ሕንዶቹ ግን ከዚያ በፊት በራሳቸው እጅና በራሳቸው ገንዘብ ይህን ሥራ ጀምረው ነበር። ይህን ስታነሳ ሕንዳዊ ጓደኞችህ ቀና ይላሉ፤ ብዙዎቹ አያውቁትምና።

7. ስሞቹን አንብብ፤ በተለይም የሴቶቹን። ሙዚየሙ ውስጥ ስትገባ ዓይንህን የሚስበው ቅርጻ ቅርጹ ነው፤ የቡድሃ ልደት፣ ፈረሱ ላይ ሆኖ ከቤቱ ሲወጣ፣ ዝሆኖች፣ ጸጉራቸው የተጎነጎነ ሴቶች። ሁሉም ነጣ ባለ የፓልናድ ድንጋይ ላይ ነው፤ እጁ የቀጠነ ሠሪ እንደጠረበው ያስታውቃል። ይህን በደንብ እይ፤ ከዚያ ግን ጽሑፉ ወዳለበት ምሰሶ ሂድ። በታላቁ ስቱፓ በአራቱም አቅጣጫ መድረክ ነበረ፣ በያንዳንዱ መድረክ ላይ አምስት ምሰሶዎች ቆመው ነበር፤ አምስቱ የቡድሃን ልደት፣ ከቤት መውጣት፣ መገለጥ፣ የመጀመሪያ ስብከትና ዕረፍት ያመለክታሉ። በምሰሶዎቹ ላይ በብራህሚ ፊደል፣ በፕራክሪት ቋንቋ፣ ማን እንዳሠራው ተጽፏል።

ያሠራችው ቻምቲሲሪ ናት። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች የንጉሥ ቻምታሙላ እኅት ነበረች። ወንድሟ የቬዳ ሃይማኖት ሰው ነው፤ የፈረስ መሥዋዕት ያቀረበ ንጉሥ። የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ግን ለቡድሃ መነኮሳት ገዳም ያሠሩ ነበር፤ በአንድ ቤት ሁለት እምነት፣ ያለ ጠብ። ቦዲሲሪ የምትባል ሌላም አለች። እሷ ንግሥት አይደለችም፤ ምእመን ናት። ከሲሎን ለመጡ መምህራን ያሠራችላቸውን ቤተ ጸሎትና ሌላውንም ስጦታዋን በዝርዝር አስጽፋለች፤ እነዚያ መምህራን እስከ ካሽሚርና እስከ ቻይና ድረስ ያስተማሩ እንደነበሩ ጽሑፏ ይናገራል። ስሟን በድንጋይ ላይ ባታስጽፍ ኖሮ ዛሬ ማን ያውቃት ነበር? በረጅም ዕድሜዬ እንዳየሁት ወጣት ሰው ሙዚየም ሲገባ ነገሥታትን ይፈልጋል፤ የከፈለውን ሰው አይፈልግም። አንተ የከፈለውን ፈልግ። ያን ጊዜ ፍርስራሹ የሰው ቤት ይሆንልሃል። ሎንግኸርስት ከታላቁ ስቱፓ ውስጥ በወርቅ ሙዳይ የተቀመጠች ትንሽ የአጥንት ቁራጭ አግኝቶ ነበር፤ እሷም ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳርናት ቤተ መቅደስ ተወስዳለች። ስለዚህ ቻምቲሲሪ ሕንፃውን ያሠራችለት ነገር ዛሬ እዚያ የለም። ይህንንም እያወቅህ ዙር።

8. ስትዞር በስተቀኝህ አድርገህ ዙር። የቡድሃ ምእመን ስቱፓን ሲሳለም ወደ ቀኝ እጁ አድርጎ ነው የሚዞረው። አንተ አታመልክም፤ ግን በሰው ደጃፍ ላይ ስትሄድ በሰውዬው ወግ ሂድ። ስቱፓው ላይ አትውጣ፣ መሠረቱ ላይ አትቀመጥ፣ ስምህን በጡብ ላይ አትጫር፣ «ማስታወሻ ነው» ብለህም ጠጠር አታንሳ። ውሃው ያልበላውን አንተ አትብላ። ከስሪላንካ፣ ከታይላንድ፣ ከቲቤት ሰፈሮች የሚመጡ ምእመናን አሉ፤ ሲጸልዩ ካየህ ራቅ በል፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ላሊበላ በር ላይ ጫማህን የምታወልቅ ልጅ ነህ፤ ባዕድ ሰው ጫማ እንዳደረገ ቢገባ ምን እንደሚሰማህ ታውቃለህ። የእኛ ሰው የሌላውን ቅዱስ ቦታ ሲያከብር እምነቱ የሚቀንስበት ይመስለዋል። እኔ የቀነሰበት ሰው አላየሁም።

9. ፎቶ መጨረሻ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ያነሳ ሰው ሁለተኛ አያይም። ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ ጠባቂውን ሳትጠይቅ ስልክህን አታውጣ።

10. ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። ደሴቱ ላይ የሚሸጠውን አትመኑ፤ አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ሙቀት የማያበላሸው ምግብ ፑሊሆራ ነው፤ በተምር ሂንዲ ጭማቂ፣ በእርድና በለውዝ የተሠራ ሩዝ። ወተትም ቅቤም ስለሌለበት የሚጾመው ጓደኛህም ይበላዋል፤ ረቡዕ ከሄዳችሁ ይህ ያስፈልጋችኋል። እርጎ በሩዝ ለሌሎቹ ይሁን። ውሃ በነፍስ ወከፍ ሦስት ሊትር ያዙ፤ ጠርሙሱንና ላስቲኩን ሰብስባችሁ መልሱ። መጠጥ አይምጣ። ጀልባ፣ ገደልና መጠጥ በአንድ ቀን አይገናኙም።

ሩዙን ስትበሉ አንድ ነገር ተናገሩበት። ነህሩ ግድቦችን የአዲሲቱ ሕንድ ቤተ መቅደሶች ብለዋቸዋል። ናጋርጁና ሳጋር በ1967 ውሃውን በሁለት ትልልቅ ቦዮች ለቀቀ፤ ያ ውሃ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሄክታር መሬት ያጠጣል። በእጅህ ያለው ሩዝ ከዚያ እርሻ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከጓደኞችህ አንዱ «እንዲህ ያለ ከተማ አሰጥሞ ግድብ መሥራት ወንጀል ነው» ይላል፤ ሌላው «ድንጋይ አይበላም» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ በቁጣ እንዳይለያዩ አንተ መሃል ግባ። የድርቅ ልጅ የውሃን ዋጋ ያውቃል፤ የአክሱም ልጅ የድንጋይን ዋጋ ያውቃል፤ አንተ ሁለቱንም ነህ። እኔ ብዙ ጊዜ አስቤበት የደረስኩበትን ልንገርህ፦ ግድቡ መሠራት ነበረበት፣ ሸለቆውም ሊለቀስለት ይገባል፤ የማይገባው ማንም ሳያለቅስለት መርሳት ነው። ያ የስድስት ዓመት ቁፋሮ ለእኔ የለቅሶ ወግ ነው። ያን ያህል የደከሙለት ለዚህ ነው፤ ቱሪስት እንዲመጣ ብቻ አይደለም።

11. አኑፑን አትዝለል። ከደሴቱ የተመለሰ ሰው ደክሞት ወደ አውቶቡሱ ይሮጣል፤ አኑፑ ግን ከጀልባው ጣቢያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ባለሦስት እግር ባጃጅ ያደርሳችኋል። እዚያ የገዳምና የትምህርት ቤት ክፍሎች ተደርድረው ታያለህ፤ አጠገባቸው ደረጃ መቀመጫ ያለው የትርኢት አደባባይ አለ። በሸለቆው እንደነበረ አድርገው መልሰው የሠሩት ነው። አንዱ ጓደኛህ መሃል ቆሞ በልኩ ድምፅ ይናገር፣ ሌሎቻችሁ ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ ትሰሙታላችሁ። ሙዚቃ ይሁን ትግል ወይም የቃል ክርክር፣ በዚያ ሜዳ ሕዝብ ተሰብስቦ ያይ ነበር። ቡድሃ ብቻ የሚሰበክባት ከተማ አልነበረችም፤ የምትስቅም ነበረች።

ከአደባባዩ ከፍ ብሎ የሃሪቲ መቅደስ አለ። ሃሪቲ በተረቱ ሕፃናት የምትበላ ጭራቅ ነበረች። ቡድሃ ከብዙ ልጆቿ አንዱን ደበቀባት፤ ያን ጊዜ አልቅሳ የሌሎችን እናቶች ኀዘን አወቀች፣ የሕፃናትም ጠባቂ ሆነች። ልጅ የናፈቃት ሴት ደጇ ትመጣ ነበር። ይህን ለጓደኞችህ ስትነግራቸው ከጓደኞችህ አንዷ እናቷን ታስታውስ ይሆናል፤ አትቸኩል፣ ቁጭ በሉ። ሆኖም ፀሐይ ሳትጠልቅ ውረዱ፤ ወደ ሃይደራባድ የሚሄደውን የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት ጠዋት ስትደርሱ ጠይቃችሁ ያዙ እንጂ ማታ አትጠይቁ። ከመሳፈራችሁ በፊት አለቃው ሰው ይቁጠር።

12. በመንገድ ላይ ተኝተህ አትመለስ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሰዓት። ያየኸውን በዚያው ምሽት ጻፍ። ከምታያቸው ትንንሽ ነገሮች አንዱን ላስታውስህ፦ በሸለቆው ቁፋሮ የሮማ የወርቅ ሳንቲም ተገኝቷል። በ1940 ደግሞ በእኛው ደብረ ዳሞ ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ኩሻኖች ሰሜን ሕንድን የገዙ ናቸው። ባሕሩ በዚያን ዘመን መንገድ ነበር፣ አዱሊስም በር ነበረች። አንተ በአውሮፕላን የመጣህበትን ጉዞ ከ1,700 ዓመት በፊት በነፋስ የመጡ ነበሩ። ፕሮፌሰርህ «ሕንድና ኢትዮጵያ ምን ያገናኛቸዋል?» ብሎ ቢጠይቅህ የምትመልሰው ከዚህ ጀምር።

13. ቀጥሎ አማራቫቲ ሂድ። በዚያው ቀን አይደለም፤ ሌላ ጊዜ። እዚያም በክሪሽና ዳር ከናጋርጁናኮንዳ የሚቀድም ታላቅ ስቱፓ ነበር፤ ቅርጻ ቅርጹ ግን ከውሃ ቢያመልጥም ከሰው እጅ አላመለጠም። ብዙው ዛሬ ቼናይ ሙዚየም ነው፣ ብዙው ደግሞ በቅኝ ግዛት ዘመን ተጭኖ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በዚያው ከተማ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የእኛ ታቦትና ብራናም አለ። ይህ ነገር ጠያቂ ሰው ይፈልጋል፤ ስለዚህ አማራቫቲ ስትሄድ ጓደኞችህን ሁሉ አትውሰድ። ናጋርጁናኮንዳ ላይ ብዙ የጠየቀውን አንዱን ብቻ ይዘህ ሂድ፤ የአውቶቡሱን ትኬት እኔ እከፍላለሁ።